ከቀብር በኋላ የሚቀረው የምሕረት ሥራ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ቅድስት ቤተ ክርስቲያን ልጆቿን ከጥምቀት ጀምራ እስከ መቃብር ድረስ አትለያቸውም። ነፍስ ከሥጋ በተለየች ጊዜ ካህናቱ ግንዘቱን ይደግማሉ፤ ፍትሐቱን ያደርሳሉ፤ ምእመናኑም አስከሬኑን ተሸክመው ይሸኛሉ። ዕድርተኛው ድንኳን ይተክላል፤ ጐረቤቱ እዝን ይዞ ይመጣል። ከዚያም በኋላ ሣልስቱ፥ ሰባቱ፥ ዐሥራ ሁለቱ፥ ሠላሳው፥ አርባው፥ ሰማንያው፥ መንፈቁና ሙት ዓመቱ እየተቈጠረ ሟቹ በጸሎትና በምጽዋት ይታሰባል። ይህ ሁሉ ከአባቶቻችን የተቀበልነው፥ ኀዘንተኛውን ብቻውን የማይተው መልካም ሥርዓት ነው።

ነገር ግን ድንኳኑ ከተነቀለ፥ ሰውም ወደየቤቱ ከተመለሰ በኋላ የሚጀመር ሌላ መንገድ አለ፤ ስለዚህ መንገድ በዐውደ ምሕረት ላይ ሲነገር ብዙ ጊዜ አይሰማም። ባሏ የሞተባት ሴት እንባዋ ሳይደርቅ ወደ ቀበሌ ትሄዳለች፤ ከቀበሌ ወደ ሆስፒታል፥ ከሆስፒታል እንደ ገና ወደ ቀበሌ፥ ከቀበሌ ወደ ፍርድ ቤት፥ ከፍርድ ቤት ወደ ባንክና ወደ ጡረታ መሥሪያ ቤት ትመላለሳለች። በየደጁም ያንኑ ነገር ደግማ ደጋግማ ትጠየቃለች። ስሙ ማን ነበር? መቼ ሞተ? በምን ሞተ? ስንት ልጆች ተወ? አንቺስ ምኑ ነሽ? ይህን ለዐሥረኛ ጊዜ ስትመልስ ቍስሏ ለዐሥረኛ ጊዜ ይነካል። በአንደኛው ቦታ ማኅተሙ ደብዝዟል ይሏታል፤ በሁለተኛው ቦታ በመታወቂያው ላይ በሐመሩ ሐ የተጻፈው ስም በደብተሩ ላይ በሃሌታው ሀ ተጽፏልና አንድ ሰው መሆኑ ይረጋገጥ ይሏታል፤ በሦስተኛው ቦታ ኃላፊው ለስብሰባ ወጥቷል፥ ነገ ተመለሺ ትባላለች።

በጎንደር ከተማ ከቀሐ ወንዝ ወዲህና ወዲያ ባሉት አጥቢያዎች፥ በወገራና በዳባት ደጋም ቢሆን፥ ይህን መንገድ ያልሄደ ቤት ጥቂት ነው። እንግዲህ ልንመረምረው የሚገባን ጥያቄ ይህ ነው። ይህ ድካም ከክርስቲያናዊ ኀዘን ውጭ ያለ የዓለም ጣጣ ነውን? ወይስ ራሱ የቀብሩ ክፍል ነው? የቀብሩ ክፍል ከሆነስ ኀዘንተኛዋ ብቻዋን እንድትቀብር ስለ ምን እንተዋታለን?

ቅዱስ ወንጌልን ስንመረምር የጌታችንና የመድኃኒታችን የኢየሱስ ክርስቶስ ቀብር ራሱ በሹም ፊት በቀረበ ልመና እንደ ተጀመረ እናገኛለን። ወንጌላዊው ማርቆስ በ15ኛው ምዕራፍ እንደ ጻፈልን፥ የአርማትያሱ ዮሴፍ ደፍሮ ወደ ጲላጦስ ገብቶ ሥጋውን ለመነ። ጲላጦስ ግን ወዲያው አልፈቀደለትም። እንዲህ ፈጥኖ መሞቱ አስደንቆት ነበርና የመቶ አለቃውን አስጠርቶ ጠየቀው፤ መሞቱን ከእርሱ ባረጋገጠ ጊዜ ሥጋውን ለዮሴፍ ሰጠው። አስተውሉ፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚለምን ሰው አለ፤ ሞቱን የሚያረጋግጥ ምስክር አለ፤ ፈቃድ የሚሰጥ ሹም አለ። ዛሬ ማመልከቻ፥ የሐኪም ማስረጃና የፈቃድ ወረቀት የምንላቸው ሦስቱ ነገሮች በጎልጎታ ቀን ነበሩ ማለት ነው። ሰዓቱም የመሸበት፥ ሰንበት ሊገባ የተቃረበበት ሰዓት ነበር። ሰማይና ምድርን የፈጠረ ጌታ ሥጋው ከመስቀል እስኪወርድ ድረስ የአንድ ሹም ቃል እንዲጠበቅለት ፈቀደ። ስለዚህ በሹም ደጅ ስለ ሟች ቆሞ መጠበቅ ነውር አይደለም፤ ዮሴፍ የቆመበት ስፍራ ነውና።

ከዚህም ጋር አንድ ነገር እንመልከት። እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም በመስቀሉ አጠገብ ቆማ ነበር፤ ወደ ጲላጦስ አደባባይ ሄዳ የልጇን ሥጋ እንደ ለመነች ግን በወንጌል አልተጻፈም። የሄደው ዮሴፍ ነው። እርሱም የሸንጎ አባል፥ የከበረ ሰው፥ ሹማምንቱ የሚያውቁት፥ በራቸው የማይዘጋበት ሰው ነበር። ያንን ክብሩን ለራሱ ጥቅም ሳያውለው፥ ሊደርስበት የሚችለውንም ጥላቻ ሳይፈራ፥ ኀዘንተኛይቱ ልትቆምበት በማይገባት ደጅ ቆመላት። ኒቆዲሞስም መቶ ንጥር የሚያህል ከርቤና እሬት ይዞ መጣ። አንዱ በሹም ደጅ ቆመ፥ ሌላው ሽቱ አመጣ፤ ሁለቱም አንድ ቀብር ቀበሩ። ቤተ ክርስቲያንም የዮሴፍንና የኒቆዲሞስን ስም በአንድነት ትጠራለች እንጂ ሽቱ ያመጣው አገለገለ፥ ደጅ የጠናው አላገለገለም ብላ አትለያያቸውም።

ከዚያ በፊትም ቢሆን ቅዱሳን ስለ ሙታንና ስለ ወራሾች ሲሉ በጽሕፈትና በምስክር መድከምን አልናቁም። አበ ብዙኃን አብርሃም ሣራ በ127 ዓመቷ በሞተች ጊዜ፥ አልቅሶላት ከተነሣ በኋላ፥ በኬጢ ልጆች ፊት ቆሞ ስለ መቃብሯ ተነጋገረ። ኤፍሮን ቦታውን እንዲያው እሰጥሃለሁ ቢለውም እርሱ ግን 400 ሰቅል ብር መዝኖ፥ ዋሻውንም እርሻውንም በዙሪያው ያሉትንም ዛፎች በምስክሮች ፊት አጽንቶ ገዛ (ዘፍ. 23)። ይህን ማድረጉ ነገ በልጆቹ ላይ ክርክር እንዳይነሣ ነው ብንል አንሳሳትም። ነቢዩ ኤርምያስም በግዞት ቤት አደባባይ ሳለ ከአጎቱ ልጅ ከአናምኤል የዓናቶትን እርሻ በ17 ሰቅል ብር ገዝቶ፥ የታተመውንና የተከፈተውን የውል ጽሕፈት ለብዙ ዘመን እንዲጠበቅ በሸክላ ዕቃ እንዲያኖረው ባሮክን አዘዘው (ኤር. 32)። ከተማዪቱ በጠላት ተከባ ሳለች ወረቀት በሸክላ ማኖር የተስፋ ሥራ ነበር።

ከሁሉም ይልቅ ልብን የሚነካው የጦቢት ነገር ነው። ጦቢት በምርኮ አገር የወገኖቹን ሬሳ እያነሣ በመቅበሩ የታወቀ ጻድቅ ነው። ዐይኑ ታውሮ ሞቱ የቀረበ በመሰለው ጊዜ ልጁን ጦብያን ጠርቶ ስለ ቀብሩና ስለ እናቱ አደራ ሰጠው። ቀጥሎም በሜዶን አገር በገባኤል ዘንድ ያኖረውን 10 መክሊት ብር ነገረው፤ የእጅ ጽሕፈቱንም ሰጠው። ያንን ጽሕፈት ይዞ ወደ ራጌስ ሄዶ ገንዘቡን የተረከበው ማን ነው? በጳጉሜን 3 ቀን በዓሉን የምናከብርለት ቅዱስ ሩፋኤል ሊቀ መላእክት ነው (ጦቢት 4፤ 5፤ 9)። መልአኩ ገንዘቡን ያለ ጽሕፈት ማምጣት ተስኖት አልነበረም፤ ነገር ግን የሰውን ሥርዓት ጠብቆ፥ ወረቀቱን ለባለ አደራው አሳይቶ፥ እንደ ታተመ ተረከበ። ስለ አንድ ቤተ ሰብ ጉዳይ መመላለስ ለሊቀ መላእክት ካላነሰው ለእኛ እንዴት ያንሰናል?

ይህ ነገር ለጎንደር ሰው እንግዳ ትምህርት አይደለም። በጎንደር አድባራት በብራና ወንጌሎችና በሌሎችም መጻሕፍት ባዶ ገጾች ላይ የጉልት ስጦታ፥ የመሬት ሽያጭ፥ የወራሾች ክርክርና ዕርቅ ተጽፎ ይገኛል፤ ይልቁንም በአውሮፓውያን አቈጣጠር ከ18ኛው መቶ ዓመት የቀረው ብዙ ነው። በዚያ ጽሕፈት የሻጩና የገዢው፥ የዳኛው፥ የምስክሩና የዋሱ ስም ይዘረዘራል። ባለ ርስትና ተከራካሪ ሆነው ስማቸው የተጻፈ ሴቶችም ጥቂቶች አይደሉም። አባቶቻችን ይህን በወንጌል ላይ የጻፉት ሌላ ብራና ስላጡ ብቻ አይመስልም። በወንጌል ላይ የተጻፈውን የሚያፈርስ ሰው ሙግቱ ከባለጋራው ጋር ብቻ ሳይሆን ከባለ ወንጌሉ ጋር እንደሆነ ያውቅ ዘንድ ነው። ዛሬ መዝገቡ ከዕቃ ቤት ወጥቶ ወደ መሥሪያ ቤት ገብቷል፤ በመዝገቡ ፊት የምንሰጠው ቃል ግን ያው በእግዚአብሔር ፊት የሚሰጥ ቃል ነው።

እንግዲህ በዘመናችን የሚጠየቀውን ነገር በአጭሩ እንግለጸው፤ ሰው የመንገዱን ርቀት ሲያውቅ ድካሙ ይቀልለታልና። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ልደት፥ ስለ ጋብቻና ስለ ሞት መዝገብ ደንግጎ ነበር፤ የመዝገቡ ሥራ ግን ለብዙ ዘመን ሳይጀመር ቈየ። በ2004 ዓ.ም. የወሳኝ ኩነት ምዝገባና የብሔራዊ መታወቂያ አዋጅ ቍጥር 760 ወጣ፤ ምዝገባውም በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ በአገሪቱ ተጀመረ። በዚህ አዋጅ መሠረት ሞት በ30 ቀን ውስጥ በክብር መዝገብ ሹም ዘንድ ሊመዘገብ ይገባል። ይህ ቀን ከሠላሳው መታሰቢያ ጋር ይገጥማል። ስለዚህ ለሠላሳው ጸሎት የሚዘጋጅ ቤተ ሰብ በዚያው ሳምንት ሞቱ ተመዝግቦ እንደ ሆነ ቢጠያየቅ መልካም ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ወራሾች ማንነታቸውን በፍርድ ቤት አስመስክረው የወራሽነት ማስረጃ ያወጣሉ። በሕጋችን ልጆች ወንድ ሴት ሳይባል፥ በጋብቻ ወይም ከጋብቻ ውጭ ተወለዱ ሳይባል፥ እኩል ይወርሳሉ። ሚስት ያለ ኑዛዜ የባሏ ወራሽ አትባልም፤ ነገር ግን ከጋራ ሀብታቸው እኩሌታው የእርሷ ነው። ይህም እኩሌታ ውርስ ሳይሆን የራሷ ገንዘብ ነውና ማንም ዘመድ በችሮታ እንደ ሰጣት ሊመጻደቅባት አይገባም። በክልላችን ገጠር የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ በአንድነት የሰፈረበት የመሬት ይዞታ ደብተር መሰጠቱም ይህንኑ መብት ለመጠበቅ ነው። ሟቹ የመንግሥት ሠራተኛ ወይም ጡረተኛ የነበረ እንደ ሆነ በ2014 ዓ.ም. የወጣው የጡረታ አዋጅ ቍጥር 1267 ለሚስት ወይም ለባል ከአበሉ ግማሹን፥ አካለ መጠን ላላደረሰ ለያንዳንዱ ልጅ ደግሞ ከመቶ 20 እጅ ይፈቅዳል።

ይህን ሁሉ ማስረጃ ስለ ምን ይጠይቁናል? እያንዳንዱ ጥያቄ በአንድ ደካማ ሰው በር ላይ እንደ ቆመ ዘበኛ ነው። ስንት ልጅ ተወ ብሎ መጠየቅ በሩቅ ያለው ልጅ እንዳይረሳ ነው። ዕዳ አለበት ወይ ብሎ መጠየቅ ለሟቹ በቅንነት ያበደረው ድኻ እንዳይቀር ነው። ባንኩ ማኅተም ካላየሁ አልከፍልም ማለቱ የሙት ልጅን ገንዘብ ሌላ ሰው እንዳይወስደው ነው። ይህን ስናውቅ ጥያቄው ሁሉ ባይጣፍጠንም ስድብ አይመስለንም።

ይህም ሆኖ በዚህ መንገድ ላይ ሦስት ፈተናዎች አሉ።

የመጀመሪያው ተስፋ መቍረጥ ነው። ብዙ ኀዘንተኞች ሦስት አራት ጊዜ ከተመላለሱ በኋላ ይቅርብኝ፥ የእርሱ ነፍስ ካለፈ ገንዘቡ ምን ያደርግልኛል ብለው ይተዉታል። ይህ ንግግር ትሕትና ይመስላል፤ ነገር ግን የተወችው መብት የእርሷ ብቻ ሳይሆን የልጆቿም እንጀራ ነው። ጌታችን በሉቃስ ወንጌል 18ኛው ምዕራፍ የጸሎት ምሳሌ አድርጎ የሰጠን ማንን ነው? እግዚአብሔርን የማይፈራ፥ ሰውንም የማያፍር ዳኛ ዘንድ እየተመላለሰች ፍርዷን ያገኘችውን ባልቴት ነው። ስለዚህ ወደ መሥሪያ ቤት የሚመላለስ እግር ከጸሎት ጋር የማይስማማ እግር አይደለም።

ሁለተኛው ፈተና ሐሰት ነው። ነገሩን ለማሳጠር ተብሎ አንዱን ወራሽ አለመጥራት፥ ሟቹ በሌላ አገር የወለደውን ልጅ መደበቅ፥ ያላየ ምስክር አምጥቶ ማስማል፥ ሟቹ ሳይፈርም የፈረመ ማስመሰል፥ ለማፋጠን እጅ መንሻ መስጠት፥ እነዚህ ሁሉ የሚደረጉ ናቸው። በአርባው ቀን ስለ አባቱ ነፍስ ቅዳሴ ያስቀደሰ ሰው በአርባ አንደኛው ቀን ወንድሜ የለም ብሎ በሐሰት ቢምል አባቱን ምን ጠቀመው? የሰለጰዓድ አምስት ሴቶች ልጆች የአባታቸው ስም ከወገኑ መካከል ስለ ምን ይጠፋል ብለው በሙሴ ፊት በቆሙ ጊዜ ሙሴ ነገራቸውን ወደ እግዚአብሔር አቀረበ፤ እግዚአብሔርም ፈረደላቸው (ዘኍ. 27)። የተረሳውን ወራሽ ነገር የሚሰማ ዳኛ በሰማይ አለ።

ሦስተኛው ፈተና ክብርን በከንቱ መፈለግና ከእርሱ የሚመጣው ጠብ ነው። ውርሱ ሳይጣራ፥ ዕዳው ሳይታወቅ፥ በብድር ታላቅ ድግስ ይደገሳል፤ በኋላ ወጪው በማን ይታሰብ በሚለው ወንድማማቾች ይጣላሉ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ተገቢውን የቀብር ወጪ ከሌሎች ዕዳዎች ያስቀድማል፤ የተዝካርን ወጪ ግን ከቀብር ወጪ ጋር አይቈጥረውም። ተዝካር በጸሎትና ለድኻ በሚሰጥ ምጽዋት የሚፈጸም ነው፤ የሙት ልጆችን ድርሻ አስይዞ ለጠገበ ሰው ማብላት ግን ለሟቹ መታሰቢያ አይሆነውም።

ከድካሙ ሁሉ ይልቅ ሌላ ዝም ያለ ሕመም እንዳለ አንዘንጋ። ኀዘንተኛዋ ለመጀመሪያ ጊዜ የባሏ ስም ሟች ከሚል ቃል ጋር ተጽፎ ስታይ፥ መታወቂያውን መልሺ ስትባል፥ በፎርሙ ላይ ያገባች በሚለው ቦታ ፈንታ ባሏ የሞተባት በሚለው ላይ ምልክት ስታደርግ፥ መቃብሩ በልቧ ሁለተኛ ጊዜ ይከፈታል። ለእንደዚች ያለች እናት የምንነግራት መጽናናት ይህ ነው። መሥሪያ ቤቱ ባልሽን የሚያውቀው በመዝገብ ስሙ ነው፤ ሥራውም በምድር ያለውን ጉዳይ መዝጋት ነውና ሟች ብሎ ይጽፈዋል። ቤተ ክርስቲያን ግን በክርስትና ስሙ ታውቀዋለች፤ በጸሎቷም ያንን ስም ከመጥራት አታቋርጥም፤ ሞቱን እንደ ዕረፍት እንጂ እንደ መጥፋት አትቈጥረውምና። ጌታችን ደቀ መዛሙርቱ ስማቸው በሰማያት በመጻፉ ደስ እንዲላቸው አስተምሯቸዋል (ሉቃ. 10)። ከዚያ መዝገብ ስምን የሚሰርዝ የሰው እጅ የለም።

ሬሳውን እንኳ ያላገኙ ወገኖቻችንን ነገርም ልናልፈው አይገባም። ልጁ በስደት መንገድ ወይም በጦርነት የጠፋበት፥ ዓመታት አልፈው ወሬው ያልተሰማ ቤተ ሰብ በመካከላችን አለ። በሕጋችን አንድ ሰው ለሁለት ዓመት ወሬው ካልተሰማ መጥፋቱ እንዲታወጅ ጥቅም ያለው ሰው ለፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል። አንዳንድ እናት ይህን ብፈርም ልጄን በእጄ እንደ ገደልሁት ይቈጠርብኛል ብላ ትሸሻለች። እንዲህ ያለችውን እናት ልናስቸኵላት አይገባም። ነገር ግን ፊርማዋ የልጇን ሚስትና ልጆች ለማኖር የሚሆን እንጂ ሞትን የሚያመጣ እንዳልሆነ፥ ተስፋዋንም ማንም ዳኛ እንደማይወስድባት የነፍስ አባቷ በርኅራኄ ሊያስረዳት ይገባል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ፥ እኛ ካህናት። የቀበርነውን ሰው ሙሉ ስም፥ የክርስትና ስሙን፥ ያረፈበትንና የተቀበረበትን ቀን በአጥቢያችን መዝገብ አስተካክለን እንጻፍ። ማስረጃ ሲጠየቅ በነጻና በፍጥነት እንስጥ። አንዲት ፊደል የምታመጣውን መዘዝ ፊደልን ከሚያስተምር ካህን ይበልጥ ማን ያውቃል? በሣልስቱ ቀን ኀዘንተኛውን ስንጽናና ከዚህ በኋላ የሚሄድበት ማን ነው፥ አብሮት የሚሄድስ ማን ነው ብለን መጠየቅ የእረኝነታችን ክፍል ይሁን። ሐዋርያት የግሪክ ባልቴቶች በዕለት ምግብ እንደ ተዘነጉ በሰሙ ጊዜ መንፈስ ቅዱስ የሞላባቸውን ሰባት ሰዎች ለዚህ አገልግሎት ሾሙ (ሐዋ. 6)፤ ቅዱስ እስጢፋኖስ ሊቀ ዲያቆናትም ከእነዚህ አንዱ ነው። ስለዚህ ባልቴት ከድርሻዋ እንዳትጐድል መድከም የዲቁና ሥራ ነው።

ሁለተኛ፥ የዕድርና የማኅበር ወገኖች። ቃሬዛ የሚሸከም ትከሻ እንዳለን ሁሉ ወረቀት የሚሸከም እጅም ይኑረን። ከአባላቱ መካከል ማንበብ መጻፍ የሚያውቅ፥ የመሥሪያ ቤት ሥርዓት የለመደ፥ ታማኝ ሰው ተመርጦ ኀዘንተኛው እስኪጨርስ ድረስ አብሮት ይመላለስ። ማመልከቻዋን ይጻፍላት፤ ተራ ይያዝላት፤ ነገ ተመለሺ ስትባል ነገም አብሯት ይሂድ። የመጀመሪያውን ቀን ለቅሶ ሺህ ሰው ይደርሰዋል፤ የሦስተኛው ወር ቀጠሮ ግን ሰው የለውም። ዮሴፍ የሚያስፈልገው በዚያ ቀን ነው።

ሦስተኛ፥ በመሥሪያ ቤት ወንበር ላይ የተቀመጣችሁ የቤተ ክርስቲያን ልጆች። ሕጉን አፍርሱ አንላችሁም፤ ሕጉ ለደካማው ጋሻ ነውና። ነገር ግን የሚጐድላትን ሁሉ በአንድ ቀን ንገሯት፤ ዛሬ አንድ፥ ነገ ሌላ እያላችሁ አታመላልሷት። ቀና ብላችሁ እናቴ፥ እግዚአብሔር ያጽናሽ ማለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ማኅተሙንም አያዘገይም። ነቢዩ ኢሳይያስ በ10ኛው ምዕራፍ በጽሕፈታቸው ባልቴቶችንና ድኻ አደጎችን በሚበዘብዙ ጸሐፊዎች ላይ ወዮታን ተናግሯል። በጽሕፈት መበደል ካለ በጽሕፈት መጽደቅም አለ።

በመጨረሻም፥ ገና በሕይወት ያለን ሁላችን። በቋንቋችን ኑዛዜ የሚለው ቃል ሁለት ነገር ያመለክታል። አንደኛው በነፍስ አባት ፊት ኃጢአትን መናዘዝ ነው፤ ሁለተኛው ስለ ቤትና ስለ ንብረት የመጨረሻ ቃልን መስጠት ነው። ሁለቱ በአንድ ቃል መጠራታቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የነፍስ አባት በሕመምተኛው ራስጌ ተቀምጦ ሁለቱንም ይሰማ ነበርና። ነፍሱን ከዕዳ ያቀለለ ሰው ቤቱን በዕዳና በክርክር አስሮ ሊሄድ አይገባውም። ኑዛዜ መጻፍ ሞትን መጥራት ነው የሚሉም አሉ፤ ንጉሡ ሕዝቅያስ ግን ቤቱን እንዲያሰናዳ በነቢዩ ከተነገረው በኋላ ጸለየ፥ 15 ዓመትም ተጨመረለት (ኢሳ. 38)።

በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል እንደሚባለው፥ በሞት አልጋ ላይ በአፍ ብቻ የተነገረ ኑዛዜ በሕግ ዘንድ ጠባብ ነው። ሁለት ምስክሮች ቢሰሙትም ስለ ቀብር ሥርዓት፥ ስለ ልጆች አሳዳጊ፥ እያንዳንዱ ከ500 ብር ስለማይበልጥ ስጦታ ካልሆነ በቀር ቤት ወይም ርስት አያከፋፍልም፤ ተናዛዡ ከዚያ በኋላ ሦስት ወር በሕይወት ከቈየም ይፈርሳል። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ ግን ተጽፎ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል፤ ቀኑና መነበቡ ይጠቀሳል፤ ወዲያውም ሁሉም ይፈርሙበታል። ተናዛዡ ሁሉን በገዛ እጁ የሚጽፈው ኑዛዜም አለ፤ እርሱም ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ የሚናገር፥ ቀን ያለውና የተፈረመ ሊሆን ይገባል፤ በሰባት ዓመት ውስጥም በአዋዋይ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ይፈርሳል። ስለዚህ ጤና ሳለን፥ ሕግ ዐዋቂ ጠይቀን፥ የትዳር ጓደኛችንንና ልጆቻችንን ሁሉ አስበን እንጻፍ። ኑዛዜ የሚጽፈው ሀብት የሌለው ሰው እንኳ ቢሆን የጋብቻ ወረቀቱን፥ የይዞታ ደብተሩን፥ የባንክ ደብተሩን፥ ያበደረውንና የተበደረውን ዝርዝር በአንድ ቦታ አኑሮ ቤተ ሰቡ የሚያውቀው ያድርግ። ጦቢት ለልጁ ያደረገለት ይህንኑ ነው። እንዲህ ያደረገ አባት ከሞተ በኋላም ስለ ቤቱ ሲደክም ይኖራል፤ ያላደረገም የድካሙን ፈንታ ለምትወደው ሚስቱ ትቶላት ይሄዳል።

በሥጋው መቃብርን የቀደሰልን፥ በትንሣኤውም ሙታንን ተስፋ ያለበሰ አምላካችን ያንቀላፉትን አባቶቻችንንና እናቶቻችንን፥ ወንድሞቻችንንና እኅቶቻችንን በአብርሃም፥ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን። በየደጁ ለሚመላለሱት ኀዘንተኞች ትዕግሥትን፥ በየወንበሩ ለተቀመጡት ርኅራኄን፥ ለእኛም አብሮ የሚሄድ እግርን ይስጠን። የእመቤታችን አማላጅነት፥ የቅዱስ ሩፋኤል ተራዳኢነት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።